በፈረስ ትንፋሽ የተለካ መንገድ

በርሚንግሃም ከተማ፣ ሃንድስዎርዝ በሚባለው ሰፈር 23 ዓመት ኖሬአለሁ። ከደጄ ወጥቼ ወደ ቀኝ ስል የማገኘው ሰፊ ጎዳና «ሆሊሄድ መንገድ» ይባላል። አውቶቡስ የምጠብቀው እዚያ ነው፤ ቅመማ ቅመም የምገዛበት የሕንዶች ሱቅም እዚያው ነው። ስሙን በየቀኑ እያነበብኩ ሆሊሄድ ምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። የአንድ ባለጸጋ ስም ይመስለኝ ነበር።

የነገረኝ አብሮኝ ይሠራ የነበረ የዌልስ ሽማግሌ ነው። ሁለታችንም የሌሊት ተረኞች ነበርን፤ ሥራችን ደብዳቤ መለየት። አንድ ሌሊት ሆሊሄድ የሚል ፖስታ እጄ ገባና «ይሄ እኮ የሰፈሬ መንገድ ስም ነው» አልኩት። «ሆሊሄድ የባሕር ወደብ ነው» አለኝ። «ከደጅህ ተነሥተህ ያንኑ መንገድ ይዘህ ብትሄድ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ባሕሩ አፋፍ ላይ ትቆማለህ። መንገዱ የተሠራው ለእኔና ለአንተ ሥራ ነው።» ለደብዳቤ ማለቱ ነበር።

ቃሉ ልቤ ውስጥ የቀረው በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ወሎ ውስጥ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። መኪና ወደማይገባበት ወረዳ የሚሄደው ከረጢት በበቅሎ ሲጫን፣ አፉ መታሸጉን በእጁ ዳስሶ ሳያረጋግጥ፣ በመዝገብ ሳያስፈርም አይለቅም። ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ በቅሎዋ ስትዘገይ እራቱን ሳይበላ የሚያድርበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። «የሰው ቃል ይዘን ነው የምናድረው» ይል ነበር። ስለዚህ ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው መስከረም ልጄን «ነይ፣ ያንን መንገድ እስከ መጨረሻው እንየው» አልኳት። መኪናውን እሷ ነዳች፤ ካርታውን እኔ ያዝኩ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን እንደ እኛ እቆጥራለሁ።

የእንግሊዝ ደብዳቤ ድሮ የሚጓዘው በብቸኛ ፈረሰኛ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ፈረሰኛው ገና ልጅ ነው። በየጫካው ይዘረፋል፣ በየመጠጥ ቤቱ ይዘገያል። ይህን የለወጠው ጆን ፓልመር የተባለ የባዝ ከተማ ሰው ነው። ፓልመር የቲያትር ቤት ባለቤት ነበር፤ ተዋንያኑን ከከተማ ከተማ በፈጣን ሠረገላ ሲያመላልስ «ሰው እንዲህ የሚፈጥን ከሆነ ደብዳቤ ለምን ይዘገያል?» ብሎ ተነሣ። የፖስታ ሹማምንቱ ተቃወሙት፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ግን ይሞከር አለ። ነሐሴ 2 ቀን 1784 የመጀመሪያው የፖስታ ሠረገላ ከብሪስቶል ከቀኑ 10 ሰዓት ተነሥቶ፣ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ለንደን ገባ። ወደ ሆሊሄድ የሚሄደውም በዓመቱ ተጀመረ፤ ያን ጊዜ የሚያልፈው በቼስተር በኩል ነበር።

ስለ ሠረገላው አሠራር ትንሽ እንድቆይ ይፈቀድልኝ፤ የእኔ ሙያ ነውና። አራት ፈረሶች ይጎትቱታል። ነጂውና ፈረሶቹ የኮንትራት ናቸው፤ የየማደሪያው ባለቤት ነው የሚያቀርባቸው። የፖስታ ቤቱ ሰው አንድ ብቻ ነው፦ ከኋላ የሚቀመጠው ዘብ። ቀይ ካፖርት ይለብሳል፤ እግሩን የሚያሳርፈው ደብዳቤው በተቆለፈበት ሳጥን ክዳን ላይ ነው። አፈ ሰፊ ጠመንጃና ሁለት ሽጉጥ ተሰጥቶታል። ጥሩምባም አለው። ጥሩምባው ሲሰማ የኬላው ጠባቂ ከአልጋው ተነሥቶ በሩን ወለል አድርጎ ይጠብቃል፤ የፖስታ ሠረገላ ኬላ ላይ አይቆምም፣ ቀረጥም አይከፍልምና። በረዶ መንገዱን ሲዘጋ ወይም መንኮራኩር ሲሰበር ዘቡ ሠረገላውንና መንገደኞቹን ትቶ ከረጢቱን በአንዱ ፈረስ ይጭንና ይቀጥላል። ፈረሱ ሲያቅተው በእግሩ። ይህን ሳነብ አባቴን አየሁት።

ከሁሉ የገረመኝ ሰዓቱ ነው። ዘቡ በተቆለፈ ማቀፊያ ውስጥ ያለ ሰዓት ይይዛል፤ እሱ ራሱ ሊነካው አይችልም። ሲነሣ፣ ሲደርስ፣ በየመቀየሪያው ስንት ደቂቃ እንደቆየ በወረቀት ይመዘገባል። ያን ጊዜ ግን አገሩን ሁሉ የሚገዛ አንድ ሰዓት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ፀሐይ ይከተላል። ሆሊሄድ ላይ ቀትር የሚሆነው ከለንደን 18 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ሰዓት በመንገድ ላይ በልኩ ወደ ኋላ እንዲቀር፣ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰው እንዲቀድም ተደርጎ ይሞላ ነበር። ባቡርና ቴሌግራፍ ሳይመጡ ለአንድ አገር የጋራ ሰዓት ማስፈለጉን ቀድመው የተረዱት የደብዳቤ ሰዎች ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ፈረሶቹን ማንም በስም አይጽፋቸውም። እያንዳንዱ ቡድን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥና ይቀየራል፤ ትኩስ ፈረሶች ተለጉመው በራፍ ላይ ይጠብቃሉ፤ መቀየሩ ጥቂት ደቂቃ፣ ጎበዝ ባለበት ከዚያም ያነሰ ነው። በፈጣን ሠረገላ ላይ የሚሠራ ፈረስ ግን የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ልጅ ሆኜ ናዝሬት አክስቴ ቤት ስከርም የጋሪ ፈረሶች ቆመው ሲያንቀላፉ፣ ልባቸው ከጎድናቸው ሥር ሲመታ አይ ነበር። አገር ያቀራረበው ፍጥነት የተከፈለው በዚያ ልብ ነው። ይህን ሳልናገር ስለ ሠረገላው ውበት ብቻ ብጽፍ ሐሰት ይሆንብኛል።

መንገዱ ራሱ የተወለደው በፖለቲካ ነው። ከጥር 1 ቀን 1801 ጀምሮ አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር በአንድ ፓርላማ ሥር ሆነች፤ 100 የአየርላንድ እንደራሴዎች ለንደን መቀመጥ ነበረባቸው። እነዚህ ሰዎችና ደብዳቤዎቻቸው በዌልስ ተራሮች መሃል ማለፍ ግድ ሆነባቸው። በ1808 የለንደን ፖስታ በሽሩስበሪ በኩል በተራራው እንዲያልፍ ተደረገ፤ መንገዱ ግን ጠባብ፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ ገደሉ አጥር የሌለው ነበር። የሚጮኸው ሰው ብዙ ነበር፤ እስከ መጨረሻ የታገለው ግን ሰር ሄንሪ ፓርኔል የተባለ አየርላንዳዊ እንደራሴ ነው። በ1815 ፓርላማው ገንዘብ መደበና ሥራው ለቶማስ ቴልፎርድ ተሰጠ።

ቴልፎርድ በ1757 ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደ የእረኛ ልጅ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ጨቅላ ሳለ ነው። ሥራ የጀመረው በድንጋይ ጠራቢነት ሲሆን መሐንዲስነትን የተማረው በመሥራት ነው። ኋላ የእንግሊዝ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1834 ሲሞት የተቀበረው ዌስትሚንስተር ገዳም ነው። ድንጋይን በእጁ ያወቀ ሰው መሆኑን መንገዱ ላይ ታያላችሁ።

በርሚንግሃምን ለቅቀን በዎልቨርሃምፕተንና በሽሩስበሪ ስናልፍ ብዙ የሚነገር የለም፤ ፋብሪካ፣ አደባባይ፣ ከዚያ ሜዳና ላም። ዌልስ የሚጀምረው ቸርክ ላይ ነው። ላንጎለን ስንደርስ ወንዙ ከታች፣ መንገዱ ከጎኑ ተለጥፎ መውጣት ጀመረ። ኮርወንን አልፈን ደጋው ላይ ስንወጣ ጭጋግ ተቀበለን፤ በግ፣ የድንጋይ አጥር፣ ደግሞ በግ። ልጄ ዝም ብላ ስትነዳ ቆየችና «አባዬ፣ ተራራ እየወጣን ነው ብለኸኝ አልነበር? መኪናው እኮ አልከበደውም» አለችኝ።

የመንገዱ ምሥጢር ይኸው ነው። ቴልፎርድ ለራሱ ያወጣው ሕግ 20 ክንድ ሲሄዱ ከአንድ ክንድ በላይ እንዳይወጣ ነበር። ያ ልክ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አራት ፈረስ የተጫነ ሠረገላ ይዞ ሶምሶማውን ሳያቋርጥ ሊወጣው የሚችለው ዳገት ነው። ወርዶ መግፋት ሳያስፈልግ፣ ትንፋሹ ሳይቆረጥ። ስለዚህ መንገዱ በተራራው ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ሲሄድ መሐንዲሱ የተከተለው የፈረስን ሳንባ ነው።

ከሥሩ ያለውም እንዲሁ በልክ ነው። መጀመሪያ ትላልቅ ድንጋዮች ሰፊው ጎናቸው ወደታች ሆኖ አንድ በአንድ በእጅ ይደረደራሉ፤ መሃል ላይ ቁመታቸው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ክፍተታቸው በስባሪ ይወተፋል። በዚያ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የተፈለጠ ድንጋይ፣ በመጨረሻም ስስ ጠጠር ይለብሳል። የሚፈለጠው ድንጋይ በብረት ቀለበት ውስጥ ማለፍ ነበረበት፤ የቀለበቱ ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ከምናምን። ቀለበቱ ያላሳለፈው እንደገና ይመታል። መዶሻ ይዘው መንገድ ዳር ተቀምጠው ያንን ሁሉ ድንጋይ የፈለጡት ሰዎች ስም የትም ተቀርጾ አላየሁም።

ለጥገና የሚሆነው ጠጠር የሚከማችበት በአጥሩ ውስጥ ገባ ያለ ቦታ በየተወሰነ ርቀት ተሠርቷል። ዛሬም አሉ። ልጄ መኪና መጠማዘዣ መስለዋት ነበር።

የማይል ድንጋዮቹ ደግሞ ሌላ ፍቅር ናቸው። ነጣ ያለ የአንግልሲ የኖራ ድንጋይ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር የብረት ሰሌዳ፤ ወደ ሆሊሄድ ስንት እንደቀረ፣ ወደሚቀጥሉት መቀየሪያዎች ስንት ማይል እንደሆነ ይናገራል። ከኬሪግ-ኧ-ድሩድዮን በኋላ በተደጋጋሚ «ኬርንዮጌ» የሚል ስም አነበብን። ሁለት ማይል፣ ከዚያ አንድ ማይል። ከተማ ይሆናል ብለን ቡና ለመጠጣት ተዘጋጀን። ስንደርስ ከመንገዱ አጠገብ የእርሻ ቤት ብቻ አለ። ኬርንዮጌ በሠረገላው ዘመን ፈረስ የሚቀየርበት ትልቅ ማደሪያ ነበር። ማደሪያው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ድንጋዮቹ ግን እስከ ዛሬ ወደዚያ ይመራሉ። ልጄን መኪና አስቁሜ ወርጄ ሰሌዳውን በእጄ ዳሰስኩት። ባለአድራሻው የሌለበትን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደያዝኩ ትዝ አለኝ።

ቤቱስ-ኧ-ኮይድ ላይ ወንዙን የሚሻገረው ድልድይ ዋተርሉ ይባላል፤ ጦርነቱ በተደረገበት ዓመት መሠራቱን የሚናገር ጽሑፍ በብረቱ ቅስት ላይ ከዳር እስከ ዳር ተቀርጿል። በማዕዘኖቹ ላይ የአራቱ አገሮች ዕፀዋት አሉ፦ የእንግሊዝ ጽጌረዳ፣ የስኮትላንድ እሾህ፣ የአየርላንድ ሦስት ቅጠል፣ የዌልስ ባሮ ሽንኩርት። ከመንገዱ ሆኖ አይታይም፤ ወደ ወንዙ መውረድ ያስፈልጋል። ወርዶ ማየት ይገባል።

ከካፔል ኪሪግ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ? በአገራችን ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ይገባዋል። በግራ ትራቫን የሚባለው ተራራ ድንጋዩ እንደ መጋዝ ጥርስ ወደ ሰማይ ቆሟል፤ በቀኝ የኦግወን ሐይቅ እንደ እርሳስ ጠቁሮ ተኝቷል። ሐይቁ ሲያልቅ መሬቱ ድንገት ይከዳል፤ ውሃው በፏፏቴ ናንት ፍራንኮን ወደሚባለው ሸለቆ ይወረወራል። እዚያ ድልድይ አለ። ከድልድዩ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ፣ ከቅስቱ በታች ሌላ ትንሽ የድንጋይ ቅስት ተሸጉጦ ታገኛላችሁ፤ የጭነት ፈረሶች ብቻ የሚያልፉበት የጥንቱ ድልድይ ነው። ቴልፎርድ አላፈረሰውም፤ በላዩ አለፈ። የድሮው መንገድ ይህን ገደል በቀጥታ ይወርድ ነበር። የእሱ መንገድ ግን የሸለቆውን ግድግዳ ይዞ፣ በ22 ክንድ አንድ ክንድ ብቻ እየወረደ፣ ሳያስደነግጥ ቤተስዳ ከተማ ያደርሳል። ከተማዋ በዚህ መንገድ ዳር፣ ለጣሪያ የሚሆን ድንጋይ በሚፈልጡ ሰዎች የተቆረቆረች ናት። ስሟን ያገኘችው ከጸሎት ቤቷ ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ያለችው መጠመቂያ ስም ነው።

ባንጎር ላይ ምድር ያልቃል። ሆሊሄድ ያለው ከአንግልሲ ደሴት ማዶ ነው፤ በመሃል የሜናይ ወሽመጥ አለ። እዚህ ሠረገላው ይቆም ነበር። ከረጢትና መንገደኛ በጀልባ ይሻገራል፤ ማዕበሉ ቀልድ አያውቅም፤ ብዙ ሰው አልቆበታል። ከደሴቱ ወደ ገበያ የሚነዱ ከብቶች ውሃ ውስጥ ገብተው ይዋኛሉ። ቴልፎርድ ድልድይ ይሠራል ቢባል የባሕር ኃይሉ «ሸራ የዘረጋ መርከብ ከሥሩ ማለፍ አለበት» አለ። ስለዚህ 30 ሜትር ከውሃው በላይ፣ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ 176 ሜትር፣ በ16 የብረት ሰንሰለቶች የተንጠለጠለ ድልድይ ሆነ። ብረቱ እንዳይዝግ እየሞቀ የተልባ ዘይት እንዲጠጣ ይደረግ ነበር። የእናቶቻችን ተልባ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቱን ሳነብ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ሰንሰለት የተሰቀለው ሚያዝያ 26 ቀን 1825 ነው። 150 ያህል ሰዎች በዋሽንት እየታጀቡ መጎተቻውን እየዞሩ ሳቡት። ሕዝቡ ሲጮህ ወዳጆቹ ሊያቅፉት ቢሄዱ ቴልፎርድ ተንበርክኮ ሲጸልይ አገኙት ይባላል። ጥር 30 ቀን 1826፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ድልድዩን መጀመሪያ የተሻገረው መስፍን ወይም ንጉሥ አልነበረም፤ ከለንደን የመጣው የፖስታ ሠረገላ ነበር። እኔ እንደ ፖስታ ቤት ሰው ይህን እንደ ክብር ነው የምቆጥረው። ሰንሰለቶቹ ከ1938 ጀምሮ በአረብ ብረት ተተኩ፤ ምሰሶዎቹ ግን የእሱ ናቸው።

አንግልሲ ላይ መንገዱ ቀጥ ይላል። ኬላዎቹ እዚህ ቆመው ይገኛሉ፦ ባለስምንት ማዕዘን ነጫጭ ቤቶች፣ መስኮታቸው ወዲያና ወዲህ የሚያይ። ላንቫይር ባለው ኬላ ግድግዳ ላይ የቀረጡ ዝርዝር አሁንም ተሰቅሏል፤ ሠረገላ የሚጎትት ፈረስ ከጭነት ፈረስ ይበልጥ ይከፍላል፣ በጎችና ላሞች በሃያ በሃያ ይቆጠራሉ። እዚህ ደሴት ላይ ቀረጥ የቀረው በ1895 ነው፤ ከብሪታንያ የቀረጥ መንገዶች ሁሉ የመጨረሻው ነበር።

በ1836 የለንደን ሠረገላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ በማግስቱ ምሽት 5 ሰዓት ገደማ ሆሊሄድ ይደርስ ነበር። 420 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 27 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ። መንገዱ ሳይሠራ ከ36 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረ ጉዞ ነው። ግን የድካሙን ዋጋ ሳይጠግብ ባቡር መጣ። በ1838 ለንደንና በርሚንግሃም በሐዲድ ተገናኙ፤ ብዙም ሳይቆይ የአየርላንድ ፖስታ በባቡር ወደ ሊቨርፑል ዞረ። ያ ሁሉ ሰንሰለት፣ ያ ሁሉ የተፈለጠ ድንጋይ፣ የለንደንን ሠረገላ ያሳለፈው 12 ዓመት ከትንሽ ብቻ ነው። በ1850 ባቡሩ ራሱ በሌላ ድልድይ ሜናይን ተሻገረ። በአገራችንም ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ፖስታ ያመላልሱ የነበሩ በቅሎዎች ባቡሩ ሲመጣ ሥራቸው አበቃ፤ የእነሱን መንገድ ግን የሚያሳይ የማይል ድንጋይ የለንም። አባቴ የሆሊሄድን መንገድ ቢያይ መጀመሪያ የሚያሳዝነው የእኛ ድንጋይ አለመኖሩ ይመስለኛል።

አመሻሽ ላይ ባሕሩን በሚያቋርጠው ረጅም ግድብ አልፈን ሆሊሄድ ገባን። ወደቡ ላይ ነጭ የድንጋይ ቅስት አለ፤ በ1821 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ እዚያ ማረፉን ለማስታወስ የተሠራ ነው። ለንደን ከእምነበረድ ቅስት የሚነሣው መንገድ የሚያበቃው እዚህ ነው። ልጄ ሞተሩን አጠፋች። «ከሃንድስዎርዝ እስከዚህ ድረስ ያው አንድ መንገድ ነው?» አለችኝ። «ያው አንዱ ነው» አልኳት።

ከእኛ ሰዎች ወደ ደብሊን የሚሻገሩ ብዙ ናቸው፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለክርስትና። ሁሉም በሰሜኑ ባሕር ዳር ባለው ፈጣን መንገድ ይበርራል። መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ትርፍ ሰዓት ካላችሁ ከላንጎለን ጀምሮ በአሮጌው መንገድ ሂዱ። ኦግወን ሐይቅ ጫፍ ላይ መኪናችሁን አቁሙና ወደ ድልድዩ ሥር ውረዱ፤ ትንሹ ቅስት እዚያ ነው።